ለሶፋው የተሰፋ ድሪቶ

ጥቅምት 8 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የልጄን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከቁም ሣጥን አውጥቼ በመቀስ ቆረጥሁት። ቦታው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ የቤታችን በረንዳ ነው። ልጄ ውስጥ ተኝታ በመስኮቱ በኩል ታየኝ ነበር። ምንም አላለችም።

ምንም አለማለቷን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት። ልጄ በዚያ ሳምንት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚያ በፊት የነበረው እርግዝናዋ የጠፋው በስምንተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ ቤታችን ሙሉ በሙሉ ተዘጋጅቶ ነበር። አልጋው፣ መታጠቢያው፣ ኮፍያው፣ ካልሲው፣ ሁሉም ነበረ፤ የገዛሁትም እኔ ነኝ። እናቶቻችን ሳይወለድ ለሕፃን ልብስ አይዘጋጅም ይላሉ። እኔ ወሬ ሳጣራ የኖርሁ ሰው ነኝና ካልሲ መግዛት ልጅ እንደማይገድል አውቃለሁ። አሁንም አውቃለሁ። ዕቃውን አጣጥፌ ካርቶን ውስጥ የከተትሁትም እኔው ነበርሁ። ካልሲዎቹን ከየጥንዳቸው ማገናኘት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

በሁለተኛው እርግዝናዋ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትርቅ አዘዛት፤ እሷም እንደ ወጉ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ባሏ ማክሰኝት ላይ የመስኖ ሥራ ስላለበት የሚመጣው መንገዱ ሲመች ብቻ ነበር። ከባጃጁ ወርዳ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«እማ፣ በዚህ ቤት ምንም አይገዛም። ካልሲ እንኳ።»

«ምንም አይገዛም» አልሁ።

ቃሌን ጠብቄያለሁ። እስከ መጨረሻው መርፌ እንኳ አልገዛሁም።

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ቤት መዋል ስጀምር የከበደኝ ሥራ መፍታት ነው። ስልኬ ዝም አለ፤ እጄም ዝም አለ። ልጄ በጎኗ ተኝታ ስልኳ ላይ የተለቀቀውን ሁሉ ታያለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ።

«እማ፣ ነይማ ይችን ሴትዮ እያት።»

የማላውቀው አገር ሴት ናት። አሮጌ ልብስ በእኩል አራት ማዕዘን ትቆርጣለች፤ ሁለቱን ቁራጭ ከላይና ከታች አድርጋ መሃሉ ላይ ወፍራም ጨርቅ ታስገባለች፤ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀል ትሰፋዋለች። ከዚያ አንዱን ካንዱ ስታያይዝ ስፌቱን ወደ ውስጥ መደበቅ ሲገባት ወደ ውጭ ታወጣዋለች።

«ምነው ገለበጠችው?» አልሁ።

«ቆዪ፣ አሁን ትተለትለዋለች። ሲታጠብ ጠርዙ ይበተንና እንደ ጸጉር ይቆማል።»

«ድሪቶ ነዋ!»

«ድሪቶ ነው» አለችና ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ስሰማት ያ የመጀመሪያው ነው።

በእኛ ዘንድ ድሪቶ የቸገረው ሰው ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየደረተ የሚለብሰው ልብስ ነው። «ድሪቶ ለባሽ» ስድብ ነው። ፈልጎ፣ ደህና ልብስ ቆርጦ፣ ድሪቶ የሚሰፋ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም ብሆን ቁልፍ ከመትከል ያለፈ ስፌት አላውቅም ነበር። ቢሆንም ቤት ካለው አሮጌ ልብስ የሚሠራ ነገር ግዢ አይደለም። ይህን ለራሴ ካረጋገጥሁ በኋላ ነው መቀስ ያነሣሁት።

ልጄ በሁለተኛው ቀን ጠየቀችኝ። «ለምንድን ነው የምትሰፊው?»

መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። «ለሶፋው።»

ሳሎን ያለው ሶፋችን ሞላው ወጥቶ መቀመጫው ተቀዷል፤ ስለዚህ መልሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም። «ለሶፋው» ብላ ደገመችው፤ ወደ ስልኳም ተመለሰች።

ጎረቤታችን ከወረታ ነጋዴ ቤተሰብ የመጡ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሰፉና ሲሸጡ ኖረው አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተዋል። ሐጅ አድርገው ከተመለሱ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ሐጅያ ይላቸዋል። ክርና መርፌ ለመለመን አጥሩን ተጠግቼ ብጣራ፣ ልጆቻቸውን አሸክመው የእግር ስፌት መኪናቸውን በረንዳችን ድረስ አመጡልኝ። ከዚያ አጠገቤ ወንበር አስቀርበው ተቀመጡ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለሶፋ ነው፣ ሐጅያ።»

«ስፌቱ ተገልብጦብሻል።»

«እንዲህ ነው የሚሰፋው። ስልክ ላይ አይተን ነው።»

«ስልክ! እኔ ዕድሜ ልኬን ስፌት ስደብቅ ኖርሁ፤ አንቺ አደባባይ ታወጪዋለሽ። ምን ታደርጊ፣ ጋዜጠኛ አይደለሽ! ጉድ ማውጣት ለምዶብሽ ነው።»

ልጄ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማናት። ሐጅያ ወደ መስኮቱ አዩ፤ ከዚያ ጭኔ ላይ ያለውን ሥራ በስንዝር ለኩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሶፋችሁ እንዲህ አጭር ነው?»

ሥራዬን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁ።

«እሺ» አሉ። «ስሚኝ። ሦስቱን ጎን ስፊ። አራተኛውን ጠርዝ ተይው።»

«ለምን?»

«ያልተጨረሰ ነገር ተዘጋጀ አይባልም። ዓይንም አያርፍበት። ያስጀመረሽ አላህ እሱ ያስጨርስሽ።»

በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር የሚነግረኝ ሰው ሲያጋጥም «ማስረጃው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሐጅያን አልጠየቅኋቸውም። አራተኛውን ጠርዝ ተውሁት።

የጀማሪ ሥራ ምን እንደሚመስል ልናገር። ከካርቶን አራት ማዕዘን ቆርጬ፣ ጨርቁ ላይ አስቀምጬ፣ ዙሪያውን በጠመኔ እያሰመርሁ ነበር የምቆርጠው፤ ሆኖም አንዱም ካንዱ እኩል አልወጣም። የሚለጠጥ ቲሸርት ተቆርጦ ከማለቁ በፊት ይጠቀለላል። መሃል የሚገባው የባለቤቴ አሮጌ ጋቢ ነበር፤ ባለቤቴ ሲሰጠኝ ደግሞ ደጋግሞ አሽትቶ ነው የሰጠኝ። ጋቢው ለመኪናው ወፈረበትና መርፌ ሰበረ። ስፒል ነቅዬ ሳልጨርስ ሰፍቼ ሌላ መርፌ ሰበርሁ። ሐጅያ መርፌዎቹን አንድ ባንድ እያወጡ ሲሰጡኝ፣ «ቀስ በይ፣ ዜናው አያመልጥሽም» ይሉኛል።

ትልቁ ስሕተቴ ግን መተልተሉ ላይ ነው። ወደ ውጭ የወጣው የስፌት ጠርዝ በመቀስ ጫፍ በጫፍ ይተለተላል፤ መቀሱ ግን የስፌቱን ክር መንካት የለበትም። እኔ ነካሁት። አንድ ሙሉ ረድፍ ቆርጬ አንሥቼ ሳየው ቁራጮቹ እንደ ተከፈተ በር ተንጠለጠሉ። ፈታሁት፤ እንደ ገና ሰፋሁት። ለካ በየቀኑ የምፈታውና የምሰፋው ነገር መኖሩ ጠቅሞኝ ነበር። በዚያ ሰሞን በሰዓት እላፊ ምክንያት ከመሸ በኋላ ባጃጅ አይንቀሳቀስም። ምጥ በማታ ቢመጣ በምን እንደምንወጣ አላውቅም ነበር። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ፣ መርፌውን ከጨርቁ ሳልነቅል፣ «ዛሬ ማታ አይሁን» እላለሁ። ሲነጋ ደግሞ ካቆምሁበት እቀጥላለሁ።

ቁራጮቹን አሁንም ለይቼ አውቃቸዋለሁ። ቢጫ አበባ ያለበት የድሮ መጋረጃችን አለ። የባለቤቴ ባለመስመር የሌሊት ልብስ አለ። ለዘገባ ስወጣ የምለብሰው ባለብዙ ኪስ ሰደርያዬ አለ፤ አንዱ ኪሱ ብዕር ፈስሶበት የቀለም እድፍ አለው፤ እድፉን ሳልሸሽገው ከነኪሱ ጥግ ላይ ሰፋሁት።

አንድ ጠዋት በረንዳ ስወጣ የቁራጩ ክምር ላይ በሥርዓት የታጠፈ ሰማያዊ ቀሚስ አገኘሁ። ሰፊ ቀሚስ ነው። ልጄ በመጀመሪያው እርግዝናዋ ትለብሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብሳው አላየሁም። ይዤው ገባሁ።

«ይሄ ይቆረጥ?»

«ለሶፋው አይደል?» አለች። ዓይኗን ከጣሪያው አላነሣችም። «ቁረጪው። መሃል ላይ አድርጊው።»

መሃል ላይ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ስለ ሶፋው እኔም አላነሣሁም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 11 ቀን፣ ሐሙስ፣ ሦስቱ ጎን ተሰፍቶ፣ ተተልትሎ አለቀ። የቀረው መታጠቡ ነው፤ ካልታጠበ ጠርዙ አይበተንም። የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል። ልጄን ባለቤቴ እንዲጠብቃት አድርጌ ከሐጅያ ጋር በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ደንገሉ ከተቆረጠበት፣ ሰው ልብስ ከሚያጥብበት ቦታ ድንጋይ ይዘን ተቀመጥን። ከእኛ ወዲያ አንድ ይብራ የሚሉት የሐይቅ ወፍ ታንኳ ላይ ቆሞ ዓሣ አጥማጁን ይጠብቃል።

ድሪቶው ውኃ ሲጠጣ ከሁለታችን አቅም በላይ ከበደ። እያገላበጥን ስናሸው ክሩ እየተበተነ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። አጠገባችን አንሶላ የምታጥብ ሴት ለጥቂት ጊዜ ስታየን ቆየችና አላስቻላትም።

«እናንተ፣ የማን ድሪቶ ነው ይሄ?»

ምን እንደምመልስ ሳስብ ሐጅያ ቀደሙኝ።

«የእሷ ነው። ጋዜጠኛ ናት። ደመወዟ እዚህ አድርሷታል።»

«እውነት?»

«እያየሽው! ካባዋ ነው። ስብሰባ ላይ ደርባ ልትገባ ነው።»

ሴትዮዋ እየሳቀች አንሶላዋን ጥላ መጣችና አንዱን ጫፍ ይዛ ከእኛ ጋር ጠመዘዘችው። ሲዘረጋ ልጄ እንዳለችው ጠርዙ ሁሉ ቆሟል፤ ለስልሷልም። አራተኛው ጎን ግን እንደ ተቀደደ ነገር ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ በጣቷ ነካችው።

«ይቺ አላለቀችም እኮ።»

«አላለቀችም» አሉ ሐጅያ። ሴትዮዋ ፊታቸውን አየች፤ ከዚያ ፊቴን አየች። «በሰላም ያስጨርስሽ» ብላ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

ቤት ስንደርስ እየመሸ ነበር። ልጄ እንዳታየው በጓሮ በኩል ገብቼ አጥሩ ላይ ሰቀልሁት። ባለቤቴ ታጥቦ እንደተሰቀለ አላወቀም፤ እኔም አልነገርሁትም።

በማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። በዚህ ቀን አገሩ ሁሉ ቤቱን ጠርጎ፣ ቆሻሻውንና ቡትቶውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን፤ ከተማዋ ከጠዋት ጀምሮ በጭስ ትታፈናለች። ባለቤቴ የአርባ ምንጭ ሰው ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ያመጣው የኮሌጅ መምህርነት ነው። ይህን ቀን ግን ከእኛ ከተወላጆቹ በላይ ያከብረዋል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጥረጊያውን ይዞ ጓሮውን ሲጀምር፣ ልጄ ከውስጥ ጠራችኝ።

«እማ፣ አልጋው ረጠበ።»

ድምፅዋ አልተለወጠም። የእኔም አልተለወጠም። ውስጤ ግን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነግቷል። ባጃጁ የመጣው ወዲያው ነው። በጭስ መሃል እየሳልን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ልጄ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ፣ በሌላው እጇ እጄን ጨብጣ ነበር። አስታማሚ ከአንድ በላይ ስለማያስገቡ ባለቤቴ ቤት እንዲጠብቅ ተስማምተናል።

ልጄን ካስገቧት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥሁ። በሥራዬ ብዙ በር ላይ ጠብቄያለሁ። በር ላይ ስጠብቅ የማደርገውን አደረግሁ፤ የገባውንና የወጣውን አየሁ፤ ያልሰማሁትን አልገመትሁም። አንድ ጊዜ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ስላላወቅሁ አልተነሣሁም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል አንዲት ነርስ ብቅ አለች። የልጄን ስም ጠርታ፣ «እናቷ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም አልሁዎት እኮ፣ ማዘር። ልብሱን ያምጡልኝ።»

«የለም።»

«እንዴት የለም? ምንም?»

«አልገዛንም።»

ነርሷ ልትቆጣ አፏን ከከፈተች በኋላ ተወችው። ከዚህ በፊትም አልገዛንም ያሏት ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። «የለበሱትን ያምጡት» አለች። ነጠላዬን አውልቄ ሰጠኋት፤ ተከትያትም ገባሁ። ሕፃኗን አየኋት። ተጨማድዳ፣ ቀልታ፣ በቁጣ ታለቅሳለች። ልጄን አየኋት። ግንባሯ በላብ ርሷል። «እማ፣ ትሰሚያታለሽ?» አለችኝ። «እሰማታለሁ» አልሁ። ቆሜ ለረጅም ጊዜ ሰማኋት። ያን ያህል ጊዜ ቆሜ የሰማሁት ንግግር የለም።

ስወጣ ግድግዳውን ተደግፌ ባለቤቴ ጋ ደወልሁ።

«ተወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሲተነፍስ ብቻ ይሰማኛል።

«ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ። ተመስገን፤ ተመስገን» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ... አንድ ነገር ሳላቃጥል አልቀረሁም።»

«ምን?»

«ከሄዳችሁ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ጓሮውን ሁሉ ጠረግሁ። የእንጨት ቤቱን ጠረግሁ። አጥሩ ላይ አንድ የተተለተለ ነገር ነበር፤ ጠርዙ የተቀደደ። ጭሱ ዓይኔን ይዞት ቡትቶ መስሎኝ...»

ሰው የሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳቅሁ። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝ። ያን ሁሉ ቀን የሰፋሁትና የፈታሁት ነገር እሳት ውስጥ መግባቱን እየሰማሁ ምንም አልመሰለኝም። ማቆም እስኪያቅተኝ ሳቅሁ። ስልኩ ውስጥ ግርግር ተሰማ፤ ሐጅያ ነጥቀውት ነው።

«አልተቃጠለም! ስሚ፣ አልተቃጠለም! በአጥር አይቼው፣ በእንጨት ጎትቼ አወጣሁት። እርጥብ ባይሆን አመድ ነበር። አንድ ጥጉ ነው የተለበለበው። ባልሽን ግን እሰሪው፤ የሰፈሩን አጥር ሊያነድ ነው!»

«ሐጅያ፣ ሴት ናት።»

«ምን አልሽ?»

«ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

እልልታቸውን ሲያቀልጡት ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ከበስተኋላቸው ባለቤቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል፤ ጭሱ ነው ብሎ በኋላ ነግሮኛል።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ይዘናቸው ገባን። አማቼ ከማክሰኝት ገና ሲነጋ ተነሥቶ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ድሪቶውን ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ጭሱ እንዲለቀው ሲያራግፈው አድሮ፣ ሶፋው ላይ ዘርግቶታል። ልጄ ሕፃኗን ለባሏ ሰጥታ ጎንበስ አለችና ጠቁሮ የተኮማተረውን ጥግ በጣቷ ነካችው። የእኔ ሰደርያ ኪስ ነበር፤ የቀለሙ እድፍ አሁን ከቃጠሎው አይለይም።

«አባ፣ ሶፋውን ልታቃጥልብን ነበር?» አለችው።

«ሶፋ መሆኑን ማን ነገረኝ!» አለ ባለቤቴ።

ልጄ ድሪቶውን ከሶፋው ላይ አነሣችው። ሰማያዊው ቁራጭ ያለበትን መሃል ፈልጋ፣ እጇን ዘርግታበት ጥቂት ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ አቀበለችኝ።

«ጨርሺው» አለችኝ። «ካልሲም ግዢ፣ እማ። በርዷታል።»

ካልሲውን ከሐጅያ ልጆች ሱቅ ገዛሁ። አራተኛውን ጠርዝ እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሐጅያ መኪና ሰፍቼ ጨረስሁት። የተለበለበውን ቁራጭ አልቀየርሁትም። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ሕፃኗ እላዩ ላይ ተኝታለች። ሶፋው እስካሁን አልተሸፈነም።